ከመርፌ የሸሸው መርፌ ወጊ

ባሌ አያልነህ ያልወጋው ከብት በፎገራ ሜዳ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ሆኖ በየቀበሌው ሲዞር ኖሯል። ገበሬው ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። ሰኔ ሲገባ፣ ሜዳው በውኃ ሳይዋጥ፣ የበረዶ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይወጣና ከብቱን ሁሉ ለአባ ሰንጋ ይከትባል። ገበሬው ካንገራገረ "ሳይቃጠል በቅጠል" ይለዋል። ይህችን ተረት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚላት እግዜር ይወቅ፤ በእንቅልፉም ሲላት ሰምቼዋለሁ።

ይህ ሰውዬ ታዲያ መርፌ ይፈራል። ወይፈን ቀንዱን ይዞ የሚታገል ሰው፣ የራሱን ክንድ አምጣ ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል። ሳገባው አላወቅሁም ነበር። ያወቅሁት ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ፣ ማደንዘዣውን ሲያይ በመስኮት ዘሎ የመጣ ዕለት ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት። ዘንድሮ ግን አልማዝ ባለጭራ ያዘችኝና ጨዋታው አበቃ።

ወረታ ላይ የሩዝ ሱቅ አለኝ። በጥር መጨረሻ አንድ ቀን ኩንታል ሳስጭን ውዬ ማታ ቤት ስገባ ግራ ጎኔን እሳት የነካው ያህል አቃጠለኝ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ጨመቅሁበት። ሳይውል ሳያድር ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ ድረስ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ተደረደረ። ጎረቤቴ ሰገን አየችኝና ደረቷን መታች።

"ታይቱ፣ ይቺማ አልማዝ ባለጭራ ናት። ጭራዋ ዞሮ ከራሷ ከገጠመ አለቀልሽ" አለችኝ።

ለእንዲህ ያለች ክፉ በሽታ እንዲህ ያለ ያማረ ስም ያወጣው ሰው ማን ይሆን እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሁሉ ጭራዋ የት ደረሰ እያልኩ በመስታወት ጀርባዬን ማየት ሆነ። አያልነህን "እስቲ እያት" እለዋለሁ፤ እሱ "እዚያው ናት፣ አልሄደችም" ይለኛል፤ አላምነውም። አንዳንዱ ሰው ደግሞ አፍ አውጥቶ ባይናገርም "ደምሽን ተመርምረሻል?" በሚል ዓይን ያየኛል። ተመርምሬያለሁ፤ ነፃ ነኝ፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ነገርኩ። ሰገን በበኩሏ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዛኝ ሄደች። በቆሰለ ገላዬ ፍል ውኃ ውስጥ ስገባ የጮኽኩትን ጩኸት አንበሳሜ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሐኪሙ "በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?" አለኝ። ያውቃል። ያ ጉድፍ ለካ ድኖ አልሄደም፤ ነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆይና ዕድሜ ገፋ፣ አካል ደከም ሲል ይነሣል። ደግሞም አንድ ጎን ይዞ ይቀራል እንጂ ዞሮ አይገጥምም አለኝ። ያን ስሰማ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ክኒኑ ግን ሽፍታው እንደ ወጣ ወዲያው ቢጀመር ነበር የሚረዳው፤ እኔ ጊዜውን ወንዛዬ ላይ ጨርሼው ነው የመጣሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ቁስሉ ደረቀ፤ ሕመሙ ግን አልሄደም። ቀሚሴ ሲነካኝ እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል። ልብሴን በሁለት ጣቴ ከጎኔ አርቄ ይዤ ነበር ቤት ውስጥ የምንቀሳቀሰው።

አያልነህ ያኔ ያደረገልኝን አልረሳውም። ሸምበቆ ቆርጦ አመጣና አጎበጠው፤ በከብት ገመድ አሰረው፤ አልጋዬ ላይ በጎኔ በኩል እንደ ትንሽ ዳስ ተከለልኝ። ብርድ ልብሱ ዳሱ ላይ ያርፋል፣ እኔን አይነካኝም። እንቅልፍ ያየሁት ያን ዳስ ከሠራልኝ በኋላ ነው።

ልጃችን ፀደይ ባሕር ዳር በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። ስትጠይቀኝ መጥታ፣ ለአልማዝ ባለጭራ ክትባት እንዳለ፣ በየቦታው እንደማይገኝ፣ ግን ከአዲስ አበባ ልታስመጣ እንደምትችል ነገረችን። እኔ መጀመሪያ አልተቀበልኳትም። አንዴ ይዞኝ ለወጣ በሽታ ምን ክትባት ያስፈልገዋል አልኳት። ሰገንም ክትባቱ ራሱ ያመጣዋል ብላኝ ነበር። ፀደይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ ክትባቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ተሕዋስ የለም፣ አሁን ያለብኝን ሕመም አያድንም፣ ነገር ግን በሽታው ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ያንን ይከላከላል። በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወጋል፤ ክንድ ያሳምማል፣ አንድ ሁለት ቀንም ያተኩሳል፤ ይህንንም አልደበቀችኝም። ሳስበው ሰነበትኩ። አንድ ጧት ሻሼን ሳስር ጫፉ ጎኔን ነካኝና ዓይኔ ጨለመ፤ ይህ ነገር ሁለተኛ ቢመጣ አልችለውም አልኩ። ባሕር ዳር ሄጄ ተወጋሁ። ክንዴን አመመኝ፣ አተኮሰኝ፣ አለፈ።

የቀረው አያልነህ ነው። ባሕር ዳር እንሂድ ስለው ላሚቱ ልትወልድ ነው አለ። ላሚቱ ወለደች፤ መንገዱ ጭቃ ነው አለ። መጨረሻ ላይ በግልጽ ነገርኩት።

"አያልነህ፣ እኔ ስታመም አንተ ነበርክልኝ። አንተ ብትያዝ ማን ዳስ ይሠራልሃል? እኔ ሸምበቆ ማጉበጥ አልችልም፣ ጎኔም ጎንበስ ብሎ ሰው ለማስታመም አልዳነም። ዳሱን አልጋ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ የሚጠብቀው አንተን ነው።"

"ከከብት ጋር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይዘውም" አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ነው እንግዲህ ገበሬውን የሚያስተምረው።

ተራራው ወደ ሙሐመድ ካልመጣ ሙሐመድ ወደ ተራራው ይሄዳል አይደል ነገሩ፤ ፀደይ ክትባቱን ይዛ ራሷ መጣች። ማታ ስትደርስ መብራት ጠፍቷል፣ ማቀዝቀዣው ሞቋል። አያልነህ ድምጿን ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ተኛ ሆነ። እሷም ምን ታድርግ፣ የክትባት ብልቃጦቹን እሱ ለማግስቱ የከብት ክትባት ዘመቻ በበረዶ ሞልቶ ያዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። "አባዬ፣ ሳጥንህ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ጧት እወጋሃለሁ" ብላ ነገረችው። እሱ ጆሮውን በጋቢው ደፍኖ፣ የምትለውን ሳይሰማ ያንኮራፋል። የውሸት ማንኮራፋት መሆኑን አውቄያለሁ፤ ነገ እንተያያለን ብዬ ተኛሁ።

ጧት ስነሣ አልጋው ባዶ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ሹልክ ብሎ ወጥቷል። ሳጥኑም የለም።

ፀደይ ጭንቅላቷን ይዛ ቆመች። "እማዬ፣ ይዞት ሄደ።"

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ሰውዬው ከመርፌው ሸሽቶ ያመለጠ መስሎት መርፌውን በትከሻው ተሸክሞ ሄዷል። ወዲያው ግን ጠረጴዛው ላይ መነጽሩን አየሁና ሳቄ ቆመ። ያለ መነጽር አያልነህ ጽሑፍ አያነብም። የሰውን ከከብት ሳይለይ አንዲት ላም ቢወጋበትስ? ፀደይ በስንት ልመና ያስመጣችው ነው፤ ቢበላሽ በቀላሉ አይተካም፤ ቢተካም ያንን ሰውዬ ዳግመኛ ማን ይይዘዋል?

ነጠላዬን ሳላጣፋ ሮጬ ወጣሁ፤ ፀደይም ተከተለችኝ። ይልቃል የሚባል የሠፈራችን ልጅ ባጃጁን ሊያጥብ ባልዲ ይዞ ቆሟል፤ ባልዲውን አስጣልኩትና ገባን። ከወረታ ወጥተን ወደ ሜዳው ስንታጠፍ ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን ቅቤ አድርጎታል። ባጃጁ ወዲያና ወዲህ ይላል። በግራም በቀኝም ሩዝ የሚዘራ ሰው ቀና ብሎ ያየናል። እኔ በአንድ እጄ ቀሚሴን ከጎኔ አርቄ፣ በሌላው የአያልነህን መነጽር ጨብጬ፣ "ንዳው፣ ንዳው" እላለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልቤ እንደ ልጃገረድ ይመታ ነበር።

አንድ ቦረቦር ላይ ባጃጁ ተቀረቀረ። ፀደይ የከተማ ጫማዋን አውልቃ ገፋች፤ እኔም በቀኝ ትከሻዬ ገፋሁ። ጭቃ ፊታችን ላይ ተረጨ። ባጃጁ ከቦረቦሩ ሲወጣ ይልቃል አልቆመልንም፤ ይቺ ከቆመች አትነሣም እያለ ይነዳል፣ እኛ ከኋላው እንሮጣለን። መሮጥ እችላለሁ ብዬ አላስብም ነበር።

ስንደርስ ከብቱ ሜዳውን ሞልቶታል። ከብት አንድ በአንድ የሚያልፍበት የእንጨት አጥር ውስጥ ግን አንዲትም ላም የለችም። አያልነህ ሲሪንጅ ይዞ ቆሟል፣ ገበሬዎቹ ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ፊት ለፊቱ አያ ቢሻው አሉ፤ የሠፈሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸው እምቢ ካሉ ሌላው ከብቱን አያመጣም።

"አያ ቢሻው፣ ላምዎ አምና የጨነገፈችው በክትባቱ አይደለም እያልኩዎት ነው። አባ ሰንጋ ከገባ በኋላ ቢያለቅሱ ምን ይረባዎታል? ሳይቃጠል በቅጠል።"

"አንተ ምን ቸገረህ ዶክተር። የሚወጋው የእኔ ከብት ነው" አሉ አያ ቢሻው።

ፀደይ በመሀላቸው አልፋ ሳጥኑ ላይ ተደፋች። በረዶውን ገለጥ አድርጋ ነካችው፤ አልሟሟም። "እማዬ፣ አለ። እንደ ቀዘቀዘ ነው" አለች። የአያ ቢሻው እምቢታ ሳጥኑን ሳያስከፍት አቆይቶልናል። እኔ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ።

"ምን ጠፍቶባችሁ ነው ወይዘሮ ታይቱ?" አሉኝ አያ ቢሻው።

አፌ ምሥጢር አይቋጥርም። "የእሱ ክትባት ነው። አልማዝ ባለጭራ እኔን እንዳደረገችኝ እንዳታደርገው ልጁ አመጣችለት። እሱ ከመርፌው ሸሽቶ ሲወጣ ይዞት መጣ።"

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አያልነህ መሬት መሬት ያያል። አያ ቢሻው ብቻ አልሳቁም።

"እውነት ነው ዶክተር?"

አያልነህ ቀና አለ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ የሚያውቀው ሰበብ ብዙ ነው። "እውነት ነው አያ ቢሻው። እፈራለሁ" አለ።

"እኔም እፈራለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ላሚቱ አንድ ናት። ሌላ የለኝም። አንተ ግን እስከ ዛሬ እንደማይፈራ ሰው ነበር የምታናግረኝ፤ የሚፈራ ሰው ምን እንደሚሰማው የማያውቅ ሰው የሚለውን አምኜ እንዴት ልስጥህ?"

ያቺን ተረቱን ልመልስለት አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ፊቱን አየሁትና ዋጥኳት። ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። እሱ ሲሪንጁን አስቀመጠ፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ። ፀደይን ሜዳ ላይ መውጋቱ አስጨንቋታል፤ እጇን ታጠበች፣ ጓንት አደረገች፣ የዱቄቱንና የፈሳሹን ብልቃጥ ቀላቀለች፣ ክንዱን በአልኮል ጠረገች።

"ታይቱ፣ ያዢኝ" አለኝ ቀስ ብሎ።

እንዴት እንደምይዘው ሳላስብ ጭንቅላቱን ስቦ ጎኔ ውስጥ ደበቀው። ግራ ጎኔ ነው። ከጥር ወዲህ ሰው ነክቶት አያውቅም። እሳት ነደደብኝ፤ እንባዬ መጣ፤ እጄን ጸጉሩ ላይ አሳረፍኩ እንጂ አልገፋሁትም።

"ጨረስሽ?" አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

"ቆይቷል ከጨረስኩ አባዬ።"

ቀና ብሎ የት እንደተደበቀ ሲያይ ደነገጠ። "አሳመምኩሽ" አለኝ። "አሳመምከኝ" አልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነበር። መነጽሩን አውጥቼ ዓይኑ ላይ አደረግሁለት።

 አያ ቢሻው ሄዱና ላሚቱን በአፍንጫ ገመዷ ይዘው ወደ አጥሩ አስገቡ፤ ራሷንም ደረታቸው ላይ አስደግፈው ያዙላት። "በል ውጋ" አሉት። ሌላውም ከብቱን እየነዳ ተከተለ።

ማታ ክንዱ አበጠ፣ አተኮሰው፣ ሙሉ በሬ የወደቀበት ሰው መሰለ። "ያን ዳስ አምጪልኝ፣ ክንዴን ብርድ ልብስ እንዳይነካው" አለኝ ከልቡ።

"የለም" አልኩት። አልጋ ሥር የነበረውን ዳስ፣ ከሜዳ እንደ ተመለስን ሰባብሬ ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ ራቱ የበሰለው በእሱ ነው። አንዲት ሸምበቆ ብቻ አስቀርቻለሁ። ሁለተኛው መርፌ መስከረም ላይ ነው፤ ዳግመኛ እንዳይሸሽ እስከዚያ ድረስ በሩ ራስጌ ሰክቼ እያሳየሁት እቆያለሁ።