ቴራውን ማን በላው?

ቀጮ ሃርድ ዲስኩን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ስክሪኑን ሲያይ መጀመሪያ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «አንድ ቴራ» ይላል፤ ሺህ ጊጋ መሆኑ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ «መቶ ጊጋ» ይላል። ነቅሎ መልሶ ሰካው፤ መቶ። በሌላኛው ቀዳዳ ሰካው፤ መቶ። ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው፣ ሽቦውን ቀየረ፣ እንደ ድሮ ሬዲዮ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው። መቶ! ያኔ ሳቁ ወደ ሆዱ ተመለሰ።

«ምን ትደበድበዋለህ? ሰርቆህ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ ከበሩ ላይ ቆሞ።

ዳይሬክተሩ የስቱዲዮው ባለቤት ነው። ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ የሚያነሳው የሰርግ ቪዲዮ ነው። ግን ኮፍያውን ገልብጦ ማድረግ ከጀመረ ወዲህ «ዳይሬክተር በሉኝ» ብሏል፤ ሰውም ከጭቅጭቅ ይሻላል ብሎ ይለዋል። ቀጮ ደግሞ የሱ ሠራተኛ ነው። መብራት ይሸከማል፣ ሽቦ ይጠቀልላል፣ ቪዲዮ ይቆርጣል ይቀጥላል። ካሜራ ግን አያስነኩትም። የልቡ ምኞት ደግሞ እሱ ነው! ሚስቱ «ሲተኛ እንኳን አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሚጨፍነው» እያለች ትስቅበታለች። ዳይሬክተሩ ግን በዚህ ሰሞን «ይሄን ሰርግ ያለ እንከን እናስረክብና፣ ስለ ካሜራው እናያለን» ብሎታል። «እናያለን» ከዚያ ሰውዬ አፍ ከወጣ እንደ መሐላ ነው።

ሰርጉ ትናንት ነበር። ሙሽሮቹ ዛሬ ማታ ይበራሉ፤ ሚዜው የቀባጠረውን፣ አክስትየው የጨፈረችውን፣ አንድም ሳይቀር ሳይቆረጥ በሃርድ ዲስክ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ቪዲዮ አምስት መቶ ጊጋ ነው። አምስት መቶን መቶ ውስጥ ለመክተት ደግሞ ጠንቋይ እንጂ ቀጮ አይበቃም።

«አለቃ፣ ዲስኩ ጎድሏል።»

«ጎድሏል? የበርሜል ውሃ ነው እንዴ የሚጎድለው?» ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ። «ከማን ነው የገዛኸው?»

«ከፍላሽ።»

«ከዚያች ምላሳም? በቃ! አሮጌ ጉድ አዲስ ካርቶን አልብሳ ሸጠችልህ። ወይ ደግሞ...» ዓይኑን አጠበበ። «ወይ ደግሞ አንተ ትልቁን ሸጠህ ትንሹን አመጣህልኝ።»

ቀጮ ስድብ ይችላል። «ቀጮ» የሚለውን ራሱ በስድብ ጀምረውት ነው ስም የሆነው። ሌባ መባል ግን ቆሽቱን አሳረረው።

«ሙሽሮቹ ከመድረሳቸው በፊት ካላስተካከልከው፣» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ካሜራ ቀርቶ የካሜራ ቦርሳ አትነካም።»

ቀጮ ዲስኩን ኪሱ፣ ላፕቶፑን ብብቱ ከቶ እግሬ አውጪኝ አለ።

የፍላሽ ሱቅ ከቁም ሳጥን አትበልጥም። ገዢ ከገባ ሻጭ መውጣት አለባት ይባላል። ፍላሽ የተባለችው ፍላሽ ዲስክ ስለምትሸጥም፣ አንድ ነገር ስትናገር ቶሎ ስለምትሰካም ነው። እሑድ ስለሆነ ሌላው ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። እሷ ግን «እሑድ ቤት ከዋልኩ እናቴ ትድረኛለች» ብላ ትከፍታለች።

«አንቺ ሌባ!» ብሎ ገባ።

«እንዴት ዋልሽ ነው የሚባለው፣» አለች ቀና ሳትል።

«ቴራ ብለሽ መቶ ጊጋ ሸጥሽልኝ!»

አሁን ቀና አለች። «መቶ? ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ምናምን ብትለኝ ኖሮ በመጥረጊያ ነበር የማስወጣህ። ሁሉም እየመጣ ሰባ ጎደለ ብሎ ይጮህብኛል።»

«እሱስ ለምን ይጎድላል?»

«ምንም አይጎድልም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ኮምፒዩተሩ በሺህ ሃያ አራት። ያንኑ ጆንያ እህል በትንሽ ጣሳ ስፈረው፣ ከዚያ በትልቅ ጣሳ ስፈረው። የጣሳው ቁጥር ይለያያል፣ እህሉ ያው ነው። መቶ ግን የጣሳ ነገር አይደለም። መቶ ከሆነ ሰው ገብቶበታል። በል አምጣው።»

ሰካችውና ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። አንድ ረጅም አግዳሚ ሳጥን ወጣ። በግራ በኩል መቶ ጊጋ የተጻፈባት ቀጭን ክፍል አለች። በቀኝ በኩል ስም የሌለው፣ እንደ ሜዳ የተንጣለለ ሌላ ክፍል።

«ይኸውልህ። ቴራው ሙሉውን ቁጭ ብሏል። ግን መሀሉ ግድግዳ ተሠርቶበታል። ላንተ ጓዳዋን ትተውልህ ሳሎኑን ሌላ ሰው ይዞታል።»

«ማን?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የሆነ ኮምፒዩተሩ የማይሰማው ቋንቋ የሚያወራ ነው። ቲቪ ላይ ሰክተኸው ነበር?»

«አልሰካሁም። ትናንት ጠዋት ካንቺ ወሰድኩት፣ ሰርጉ ላይ እንዳይጠፋብኝ ቤት አስቀመጥኩት፣ ዛሬ ጠዋት ከነካርቶኑ ይዤው ወጣሁ። በቃ።»

«ቲቪዎቹ ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ፕሮግራም መቅረጽ ሲፈልጉ ‹ላዘጋጀው ወይ?› ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ የዋህ እሺ ካላቸው ትልቁን ቆርሰው ለራሳቸው ነው።» ፍላሽ አገጯን በእጇ ደገፈች። «ቤትህ የዋህ ሰው አለ?»

ቀጮ እጁን ወደ ስልኩ ሰደደ። አለ እንጂ! አማቱ አሉ።

ቀጮና ሚስቱ የሚኖሩት አማቱ ቤት ነው። ሴትዮዋ እምቢ የሚባል ቃል አልፈጠረባቸውም። ጎረቤት ወንበር ቢጠይቅ እሺ፣ ወንበሩን ሳይመልስ መሰላል ቢጠይቅ እሺ። ስልክ ላይ ማስታወቂያ የምታወራውን ማሽን ሳይቀር «እሺ የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው ነው የሚዘጉት። በዕድሜያቸው አንዴ ብቻ ነው እምቢ ያሉት፤ እሱም ቀጮ ልጃቸውን ላግባ ብሎ ሲመጣ። ልጅቷ አልቅሳ፣ ጎረቤት ለምኖ ነው የተረቱት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ ልጅ» ሲሉት ኖረው፣ ገና ዘንድሮ ነው «ልጄ» ያሉት። በዚያን ቀን ቀጮ ደስታውን የሚያደርስበት አጥቶ የጎረቤት መሰላል ሳይቀር አጥቧል።

ደወለ። ፍላሽ ድምፁን ከፍ አድርግ ብላ በምልክት አስጨነቀችው፤ አደረገ።

«እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ትናንት ካርቶን ውስጥ የነበረችውን ጥቁር ነገር ነክተዋት ነበር?»

«ነክቻታለሁ ልጄ። ግን እንደነበረች አድርጌ መልሻታለሁ። እንኳን ጭረት አቧራ የለባትም።»

«ምን አደረጉባት?»

«ምን አደርጋለሁ? ቲቪው ጀርባ ላይ ቀዳዳ አየሁ፣ የሷን ሽቦ አየሁ፣ ይስማማሉ ብዬ አገናኘኋቸው። ከዚያ ቲቪው የሆነ ነገር ጠየቀኝ።»

«ምን ብሎ?»

«መነጽሬን ባገኘው አይደል የማውቀው? ቤትህ ተቀምጦ ሲጠይቅህ ዝም ይባላል? እሺ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ እሺ አልኩት።»

ፍላሽ ፊቷን በክንዷ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል።

«የድራማዬ የመጨረሻው ክፍል ትናንት ነበር እኮ፣» አሉ አማቱ። «እህቴ ታማ እሷ ጋ ማምሸቴ ነው፤ እንዳያመልጠኝ አስቀረጽኩት። ዛሬ እግሬን ዘርግቼ ላይ ስል ዕቃዋን አጣኋት። አንተ ጋ ናት?»

ፍላሽ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ቀጮ ጠጋ አለች። «ላፍርሰው? የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቴራህን ሙሉውን ትወስዳለህ። ድራማው ግን ይጠፋል።»

«ሌላ ቦታ ገልብጪልኛ!»

«አይገለበጥም። እዚያው የቀረጸው ቲቪ ላይ ካልሆነ አይከፈትም። ሌላ ዲስክ እንዳልሰጥህ ደግሞ የመጨረሻዋን ነው የወሰድከው።»

ቀጮ ስልኩን ወደ አፉ መለሰ። «እማማ... ለሥራዬ ፈልጌው ነው። ባጠፋው ይቀየሙኛል?»

«እሺ፣ አጥፋው ልጄ» አሉ አማቱ። «ሥራህ ይበልጣል። ሰባት ዓመት አይቼዋለሁ፤ መጨረሻውን ባላየው አልሞትም።»

የዚያች እሺ ነገር! ሰው በሩ ላይ ቆሞ «አይ፣ አልገባም» ሲል እንደሚለው ዓይነት ነበረች። ቀጮ የላፕቶፑን ቁልፍ አየ፣ ስልኩን አየ። አንዲት ጠቅታ ናት። ካጠፋው ካሜራ ያገኛል፣ «ልጄ» ትቀርበታለች። ካላጠፋው «ልጄ» እንደተባለ ዕድሜውን ሽቦ ሲጠቀልል ይኖራል።

«አታጥፋብኝ በሉ እንጂ እማማ! ቲቪውን ይክፈቱ፣ መጣሁ።»

ፍላሽ በረጅሙ አየችው። «አንተ እንኳን ሌባ አይደለህም፣» አለችና ስክሪኑ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አይተው ሲጨርሱ እዚህ ትገባና ሁለቱንም ክፍል ትሰርዛለህ። ባዶው አንድ ላይ ሲሆን እንደ አዲስ ፎርማት። የላፕቶፑን ዲስክ እንዳትነካ ብቻ! ስሙን ሁለቴ አንብብ፤ አለዚያ ሰርጉን ከነሙሽራው ትቀብረዋለህ።»

መንገድ ላይ እየሮጠ ለዳይሬክተሩ ደወለ። ውሸት አልተናገረም፤ እውነቱን ግን በጎኑ አስተኛው። «አለቃ፣ ችግሩ ተገኝቷል። የሚስተካከለው ግን እኛ ቤት ባለው መሣሪያ ነው። ሙሽሮቹን እዚያው ይዘሃቸው ና።»

«ምን ዓይነት መሣሪያ?»

«ትልቅ። ስክሪን ያለው።»

ዳይሬክተሩ ከሙሽሮቹ ጋር ሲገባ አማቱ ሶፋው ላይ ተደላድለዋል፣ ድራማው ተጀምሯል፣ ቀጮ ሪሞት ይዞ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

«መሣሪያው...» ዳይሬክተሩ የአንገቱ ሥር ተገተረ። «መሣሪያው ይሄ ነው?»

ሙሽራዋ ጮኸች። «ውይ! የመጨረሻው ክፍል ነው እንዴ? ትናንት እኮ በሰርጌ ምክንያት ነው ያመለጠኝ!» ጫማዋን በር ላይ ወርውራ ሴትዮዋ አጠገብ ዘፍ አለች። «ከመጀመሪያው መልሱልኝ በናታችሁ!»

«አውሮፕላኑስ?» አለ ሙሽራው።

«አውሮፕላኑ ማታ ነው። ቁጭ በል።»

ተቀመጠ። ትዳር ከጀመረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ቶሎ ለምዷል።

«ነይ የኔ ልጅ፣» አሉ አማቱ ቦታ እየለቀቁላት። «ያ እባብ ወንድምየው ዛሬ ነው ጉዱ የሚፈላው።»

ዳይሬክተሩ እጁን አጣምሮ ዱካ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ዝናብ የቋጠረ ደመና መስሏል። ወንድምየው ሲጋለጥ እጁ ተፈታ። እናትና ልጅ ሲገናኙ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ፤ ላብ ነው አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሲያልቅ አማቱ በረጅሙ ተነፈሱ። «ተመስገን፣ አየሁት። በል ልጄ፣ አሁን የፈለግከውን አድርጋት።»

ቀጮ የዲስኩን ስም ሁለቴ አይደለም አምስቴ አነበበ። ግድግዳው ፈረሰ፣ ዲስኩ አንድ ሆነ፣ ላፕቶፑም ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ጊጋ ብሎ ጻፈ። ዳይሬክተሩ ሰባው የት ገባ ሊል አፉን ሲከፍት ቀጮ ስለ ጣሳው ነገረው፤ አፉን ዘጋ። የሰርጉ ቪዲዮ መገልበጥ ጀመረ።

መገልበጡ ጊዜ ይፈልጋል። አማቱ ደግሞ ያለ ድራማ መቀመጥ አይችሉም። «እስቲ ሰርጉን አሳዩኝ» አሉ። ቀጮ አንዱን ከፈተላቸው።

«ልጄ፣» አሉ ትንሽ አይተው፣ «ስትጋቡ መሬት ተንቀጥቅጦ ነበር እንዴ?»

ሙሽራው በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሩ «ስታይል ነው» አለ።

«ይሄስ የማን እግር ነው? ሙሽራዋን የመሰለች ልጅ ቆማ እግር ይነሳል?»

«ስታይል...» ድምፁ አነሰ።

ቀጥሎ ሌላ መጣ። የሙሽራዋ አባት ብቻቸውን ጥግ ላይ ቆመው ልጃቸው ስትጨፍር ያያሉ። ካሜራው ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል። ሰውዬው ሰው ያላያቸው መስሏቸው በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ያብሳሉ፣ ከዚያ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ።

ሙሽራዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባቴ... ይሄን ማን ነው ያነሳው?»

ዳይሬክተሩ አላነሳውም። በዚያ ሰዓት ካሜራውን መቆሚያው ላይ ትቶ፣ በአንድ እጁ ሳህን በሌላው ብርጭቆ ይዞ ምግቡ ጋ ነበር፤ ያስታውሰዋል። ቀስ ብሎ ወደ ቀጮ ዞረ። ቀጮ የላፕቶፑን ክዳን በእጅጌው ይወለውላል፤ ንጹህ ነበር።

«ይሄማ ምርቃት ነው፣» አለች ሙሽራዋ። «ለእህቴም ሰርግ እናንተን ነው የማመጣው። ይሄን ያነሳው ሰው ያንሳ ብቻ።»

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አደረገ፤ ገለበጠው፤ መልሶ ቀጥ አደረገው።

«ሰማህ?» አለ ወደ ቀጮ። «በሚቀጥለው ሰርግ ካሜራውን አንተ ያዝ። እኔ... እኔ እመራለሁ።»

«ምራ ልጄ፣ ምራ፣» አሉ አማቱ። «ብቻ አትንካ።»

ቀጮ ሊዘል ፈልጎ ቤቱ ጠበበው። መሬት ላይ የነበረውን ሽቦ አነሳና መጠቅለል ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ፈታው፣ እንደገና መጠቅለል ጀመረ።