ከጨርቁ ስር

እና ያ ድምፅ ቢላዋ ነው፣ ብሩሽ እንዲህ አይጮኽም፣ ብሩሽ ሸራ ላይ ሲሄድ ድመት ምንጣፍ ላይ ስትሄድ ነው የሚመስለው፣ ይሄ ግን ይፍቃል፣ ይቆማል፣ ይፍቃል፣ ከጀርባዬ ሁለት እርምጃ ርቆ አንድ ሰው አባቴን እየፋቀው ነው፣ እኔ ደግሞ ዞሬ ማየት አልችልም፣ ክልክል ነው።

ክልክል ነው። መምህሩ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ጽፈውታል፣ በዚያ የሐኪም ማዘዣ በሚመስል ጽሑፋቸው፣ ስድስት ሳምንት የሠራችሁትን ሥዕል ዛሬ ለሌላ ተማሪ ታስረክባላችሁ፣ የደረሳችሁ ሥዕል ላይ ተመልሶ የማይጠፋ ነገር ታደርጋላችሁ፣ ደወሉ እስኪደወል የራሳችሁን ዞራችሁ አታዩም። ከዚያ የእጃቸውን ጠመኔ አራግፈው፣ ያልነካ ሰው ዜሮ ነው፣ የነካ ሰው ግን ምንም ቢያበላሽ ዜሮ አይደለም፣ ማክሰኞ ለዐውደ ርእዩ የሚሰቀለው እንደሆነው ሆኖ ነው፣ አሉ። ከኋላ አንዱ፣ ቲቸር ብንቀደውስ፣ አለ። መቅደድም መንካት ነው፣ አሉት፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዕጣው ገና አልወጣም ነበር።

ዕጣው ሲወጣ ቡልዶዘር ደረሰኝ። የእሱ ለእኔ፣ የእኔ ለእሱ። ስሙን ያወጣለት ክፍሉ ነው፣ እሱ አይቀባም፣ ይደለድላል፣ ቀለሙን በቢላዋ ይከምራል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ይከምራል፣ ካልወደደው አንድ ወር የለፋበትን በአንድ ጠዋት አንስቶ ጋዜጣ ላይ ይጠርግና ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፣ ሲመለስ እያፏጨ ነው። ስማችን አብሮ ሲጠራ አጠገቤ ያለችው ልጅ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ አይዞሽ፣ ፍሬሙን አይነካብሽም።

ፍሬሙን።

ከበሩ በላይ ያለው ሰዓት አምስት ተኩል ይላል። ደወሉ ስድስት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ተቀምጬ ምን ሠራሁ፣ ግራጫ ቀላቀልኩ፣ ሰበሰብኩት፣ ሌላ ግራጫ ቀላቀልኩ፣ ስለ ግራጫ ቢጠይቁኝ አንድ ምዕራፍ ሙሉ በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ሞቃቱ፣ ቀዝቃዛው፣ ከሰማያዊ የሚወለደው፣ ብሩሹ ግን ከአየር ላይ አልወርድ አለ። የቡልዶዘር ሥዕል ፊቴ ቆሟል፣ የአውቶቡስ ሰልፍ ነው፣ ዝናብ ያባራበት አስፋልት፣ ሰባት ሰዎች፣ ፊት የላቸውም፣ ፀሐይ ከግራ መጥታ ትከሻቸው ላይ ቢጫ ጭናለች፣ ቀለሙ ጣት ያስቀብራል፣ እንዴት እንዲህ ሳይፈራ ይሠራል ይሄ ሰውዬ። ግን ጥላ የላቸውም። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው ያየሁት፣ ብርሃን ከግራ፣ ወደ ቀኝ ምንም፣ ሰባቱም መሬት አልረገጡም፣ ልብስ መስቀያ ላይ እንደተሰቀለ ካፖርት ተንጠልጥለዋል። ረስቶት ነው። ወይ ሆን ብሎ ነው። ሆን ብሎ ቢሆንስ፣ ማን ነኝ ብዬ ነው ሰው ሥዕል ላይ ጥላ የምጥል፣ ይቅርታ ጥላህን ረስተሃል ብዬ፣ እኔ፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ስኳር አቀብሉኝ ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ የምለማመድ።

ይፍቃል።

ከታች ነው ድምፁ የሚመጣው። ቅድም ወንበር ጎትቷል፣ ተቀምጦ ነው፣ የአባዬን ፊት ቢሆን የሚፍቀው ይቆም ነበር፣ ፊቱ ከላይ ነው፣ የስፌት መኪናውም አይደለም፣ መኪናው በግራ ነው፣ ይሄ ድምፅ በቀኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ ጭኑ ጋ። አባዬ ጭን ላይ የሳልኩት ጨርቅ ነው። ጨርቁን እየፋቀው ነው። ከሁሉ ሁሉ ጨርቁን።

እጅ መሳል አልችልም፣ ይሄን የማያውቅ የለም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የእኔ ሰዎች ወይ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው ወይ ከጀርባቸው ወይ ከጠረጴዛ ስር፣ አንድ ቀን መምህሩ ሦስት ሥዕሎቼን ተራ በተራ አይተው፣ ልጄ፣ የአንቺን ሰዎች ሁሉ ይበርዳቸዋል እንዴ፣ አሉኝ፣ ጆሮዬ እስኪግል ሳቅኩ። በእነዚያ ሥዕሎች እጁን የደበቅኩት ስላልቻልኩ ነው። አባዬ ግን። አባዬ ሌላ ነው፣ ስላልቻልኩ ነው ብዬ ለራሴም ነግሬዋለሁ፣ ክፍሉም ያምነኛል፣ ለዚህ ነው ደህና የተደበቅኩት።

ልብስ ሰፊ ነው። ነበር። ነው። ከታመመ ሰባት ወሩ ነው፣ ግራጫ ኮት እየቆረጠ መቀሱ ከእጁ ወደቀ፣ አነሳው፣ ወደቀ፣ እናቴ ምነው ዛሬ አለችው፣ ሊመልስላት ሲል አፉ ወደ አንድ ጎን ሄደ። አፉ ተመልሷል፣ እግሩም በከዘራ ተመልሷል፣ ቀኝ እጁ አልተመለሰም። ጭኑ ላይ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ፎጣ ጣል ታደርግበታለች፣ በዚያ የምታልፍ መስላ፣ ሳታየው፣ እሱም ምንም እንዳልተደረገ ወሬውን ይቀጥላል፣ እንግዳውም ስለ ኑሮ ውድነት፣ ሁላችንም ጎበዞች ነን።

አምስት ቅዳሜ ተቀመጠልኝ፣ በስፌት መኪናው አጠገብ። አባዬ አትነቃነቅ ስለው፣ ከዚህ በላይ የማይነቃነቅ ሰው ከየት ልታመጪ ነው፣ ግማሽ ጎኔ እኮ የተፈጠረው ለዚህ ነው፣ ይላል፣ ይስቃል፣ እኔ አልስቅም፣ እርሳሴን እቀርጻለሁ፣ የተቀረጸውን እቀርጻለሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ እጄንም ትስይዋለሽ፣ ብሎ ጠየቀኝ፣ እንዲያው እንደ ዋዛ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። ኧረ አባዬ፣ እዚያ ጋ ጨርቅ ቢኖር ይሻላል፣ ለቅንብሩ፣ አልኩት፣ ቅንብር፣ ሚዛን፣ ክብደት፣ ያነበብኩትን ቃል ሁሉ ደረደርኩለት፣ ተነሥቼ ያንኑ ግራጫ ኮት፣ እንደተጀመረ የቀረውን፣ ከመደርደሪያ አውርጄ ጭኑ ላይ ጣልኩበት። ልክ እንደ እናቴ። በዚያ የማልፍ መስዬ። እሱ ኮሌታውን በግራ እጁ አቃናው፣ ተጨማዶ ማየት አይወድም።

ከዚያም የባሰውን ልናገረው። ኮቱን እሱ ላይ እያለ አልሳልኩትም። ጨርቁ መሐል ላይ ትንሽ ከፍ ይል ነበር፣ እጁ ያለበት ቦታ፣ ዓይኔ እዚያ ላይ አላርፍ አለ፣ ስለዚህ እሱ ሊጋደም ሲገባ ኮቱን ባዶው ወንበር ላይ ጥዬ እጥፋቱን ከወንበር ላይ ሳልኩ። የሚያምር እጥፋት ነው፣ በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጨርቅ ሠርቼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሥዕሉን አዞርኩለት። የራሱን ፊት አላየም፣ ኮቱን ነው ያየው፣ ረጅም ጊዜ፣ እናቴ ከበር ላይ እኔን እያየች። የጨርቁ አወዳደቅ ጥሩ ነው፣ አለ። ስለ ጨርቅ ከእሱ አፍ ምስጋና። ከዚያ፣ ግን ልጄ፣ ጨርቅ እንዲህ የሚወድቀው ከስሩ ምንም ሲያጣ ነው፣ እጅ ቢኖርበት እዚህ ጋ ይነሣል፣ እዚህ ጋ ይሰበራል፣ አለ፣ በግራ ጣቱ እያሳየኝ፣ ቀለሙን ሳይነካ። አርባ ዓመት ጨርቅ ሰው ላይ ሲወድቅ ያየ ዓይን ነው፣ ምን ብዬ ነው የማታልለው። አስተካክለዋለሁ አባዬ፣ አልኩት። አላስተካከልኩትም። ማክሰኞ ይመጣል፣ እናቴን ጥቁሩን ሱፍ ከወዲሁ አስተኩሷታል፣ ከዘራውን ይዞ ሰው መሐል ቆሞ ራሱን ያያል፣ ምን እንዳደረግኩት ያያል፣ አሁን ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ የማላውቀውን።

ፀጥ አለ።

መፋቁ ቆመ። ማፏጨትም የለም። ይሄ ይብሳል።

አልጀመርሽም። መምህሩ ናቸው፣ መቼ መጡ፣ ጫማቸው ድምፅ የለውም። እያሰብኩ ነው፣ እላለሁ። አስቢ፣ ማሰብ አልተከለከለም፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ማሰብ ትችያለሽ፣ ይላሉ፣ ያልፋሉ፣ ወደ ኋላዬ፣ ይቆማሉ፣ የእኔ ሸራ ጋ ነው የቆሙት፣ አውቃለሁ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ እቆጥራለሁ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ለሁሉም ሰው የሚሉት የማያጡ ሰውዬ ምንም አላሉም።

አንቺ።

እኔን አይደለም።

አንቺ ልጅ፣ አትዙሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ቡልዶዘር ነው፣ እያንሾካሾከ፣ ማንሾካሾክ የሚችል አይመስለኝም ነበር። እጃቸው የት ነው፣ ይላል። የማን፣ እላለሁ፣ የማን እንደሆነ እያወቅኩ። የሰውየው፣ አባትሽ ናቸው አይደል፣ ግንባራችሁ አንድ ነው። እኔ እኮ እጃቸውን ሠርተሽ ስታበቂ የሸፈንሽው መስሎኝ ነው፣ ላወጣው ብዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የፋቅኩት፣ እናቴ ትሙት፣ ሽንኩርት እንደሚላጥ፣ አንድ አንድ ንጣፍ፣ ምንም የለም። ሸራው ወጣ። ነጩ።

አልሳልኩትም። ለምን። ግራጫውን በብሩሹ እበጠብጣለሁ። ለምን፣ ይላል እንደገና፣ ለማፌዝ አይደለም፣ ድምፁ ውስጥ ፌዝ ፈልጌ አጣሁ። ታሟል፣ እላለሁ፣ እጁ አይሠራም። አሃ። እሺ፣ ይላል፣ የወንበሩ እግር ይንቀጫቀጫል። ስሚ፣ ከፈለግሽ ጨርቁን እመልስልሻለሁ፣ ግራጫ ነው፣ በአምስት ደቂቃ እደለድለዋለሁ፣ ማንም አያውቅብሽም።

ማንም አያውቅብሽም። እሺ በይ። አንድ ቃል ናት፣ እሺ፣ በቀን መቶ ጊዜ የምለው ቃል፣ ምላሴ ላይ ደርሳለች፣ ማክሰኞ ይመጣል፣ ጨርቅ ያያል፣ ጥሩ ነው ይላል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ እናቴ ፎጣ ትጥላለች። እጄንም ትስይዋለሽ። ወደ መስኮቱ እያየ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ እንዳልስለው የፈራ መስሎ ነበር የተሰማኝ፣ አይደለም፣ ሰው የፈራውን ነገር እንዲያ ዞር ብሎ አይጠይቅም፣ ሰው እንዲያ የሚጠይቀው የሚፈልገውንና እምቢ የሚባለውን ነው፣ እኔ ራሴ እንዲያ ነው የምጠይቀው፣ ካፍቴሪያ ውስጥ ስኳር እንኳ። አርባ ዓመት ያበላን እጅ ነው፣ ከእኔ በቀር የሚያየው ሠዓሊ የለውም፣ እኔም ኮት ጣልኩበት።

አይ፣ እላለሁ። ጨርቅ አታድርግበት። እጁን ሥራው።

እንዴት ብዬ፣ አላውቃቸውም እኮ፣ እንዴት እንደሚያስቀምጡት አላየሁም፣ ዝም ብዬ እጅ ብሠራ የእኔ እጅ ነው የሚሆነው፣ ይላል፣ ቡልዶዘር ፈርቷል፣ እግዚኦ፣ ይሄም ይፈራል።

አትዙሩ ነው የተባለው። ወንበር አታዙሩ አልተባለም። ወንበሬን በጎን አደርገዋለሁ፣ ፊቴ ወደ መስኮቱ፣ ሸራዬን አላየውም፣ ቀኝ ጎኔ ለእሱ ይታየዋል፣ ቀኝ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጣለሁ። እንዲህ ነው። አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌሎቹ ከላይ ይተኛሉ፣ አይጨብጥም፣ የጨበጠ እንዳይመስል፣ ትንሿ ጣት ብቻዋን ትንሽ ወጣ ትላለች፣ የእጁ አንጓ ወደ ታች ይሰበራል፣ ክብደት አለው፣ ከሌላው እጁ ይከብዳል። ከየት ነው የማውቀው ይሄን ሁሉ፣ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም ብዬ ነበር።

ትንሽ ዝቅ፣ ይላል። ዝቅ አደርገዋለሁ። በቃ፣ እንዳትነቃነቂ። ከዚህ በላይ የማይነቃነቅ ሰው ከየት ልታመጣ ነው፣ ልለው ነው፣ አልለውም፣ አፌ ግን መሳቅ ጀምሯል።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የእሱ ሥዕል አልተነካም፣ ዜሮ፣ ሰባቱ ሰዎች ተንጠልጥለዋል፣ ቀኝ እጄ ደግሞ የእኔ አይደለም፣ የአባዬ ነው። ግራዬ አለ። አባዬ ጠዋት ጠዋት በግራው መቀስ ይሞክራል፣ መቀስ ለቀኝ እጅ ነው የሚሠራው፣ በግራ ሲይዙት ያኝካል እንጂ አይቆርጥም፣ ከመኝታ ቤቴ ማኘኩን እሰማለሁ፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ብሩሹን በግራ እይዘዋለሁ፣ ማንኪያ ገና እንደተማረ ሕፃን፣ ግራጫው ውስጥ እነክረዋለሁ፣ የቱ ግራጫ ቢሉኝ አላውቅም፣ ክንዴን ወደ ግራ ዘርግቼ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለው ሰውዬ እግር ስር አሳርፈዋለሁ። ነካሁ። አይመለስም። ወደ ቀኝ እጎትተዋለሁ፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሳሳል፣ ይወፍራል፣ ማንም ሆን ብሎ እንዲህ ያለ መስመር አይሠራም፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ጥላ እንዲህ ነው፣ ይሰባበራል፣ ሰውየው ቆመ። መሬት ረገጠ። ቀጥሎ ስድስተኛዋ ሴትዮ። አምስተኛው።

ከኋላዬ ድመት ምንጣፍ ላይ እየሄደች ነው።

አራተኛው ላይ እያለሁ ደወሉ ይደወላል፣ ወንበር ሁሉ ይንጫጫል፣ ሰው ሁሉ ይዞራል፣ አንዷ በስመአብ ትላለች፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ማነው እንዲህ ያደረገኝ ይላል፣ መምህሩ እጃቸውን ያጨበጭባሉ፣ ብሩሽ ይቀመጥ። እኔም መዞር ተፈቅዶልኛል። ቆይ፣ ይላል ቡልዶዘር፣ በእናትሽ፣ ትንሿ ጣት ቀርታኛለች።

አልነቃነቅም።