ከፍታው ላይ የሚሰበር ድምፅ

ኤልሻዳይ ድምፅ ነበራት። ይህን የሚክድ አልነበረም። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት ወገኖች፣ እሷ ወፈር ያለውን የመዝሙር ክፍል ስትይዝ ወንበሩ ጭምር አሜን የሚል ይመስላቸው ነበር። ችግሩ ሽቅብ ሲኬድ ነው። ዜማው ከፍ ሲል ደረቷን ወጥራ፣ የአንገቷን ሥር ገትራ ትገፋዋለች። ጥቂት ይሄድላታል፤ ከዚያ ድንገት ይሰበርና አውራ ዶሮ መጮህ ሲለማመድ የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ ታወጣለች። ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ እናቶች ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ እሷም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ሌላ ቦታ ቢሆን «አልተማረችም» ተብሎ ያልፍ ነበር። የእኛ ሰው ግን ለጉሮሮም ሰይጣን ይፈልግለታል። ድምፅ የሚሰበረው ወይ የተደበቀ ኃጢአት ሲኖር ነው፣ ወይ ጠላት ሲዋጋ፤ መድኃኒቱም ጾምና እጅ መጫን ነው። ስለዚህ ተጾመላት። ዝንጅብሉም ማሩም ተጠጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያኤል ነበረችላት።

ሁለቱ ከሞያሌ ጀምሮ አብረው ናቸው። በአንድ መኪና ድንበር ተሻግረው፣ ናይሮቢ ሲገቡ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ አንዷ ስትታመም አንዷ እያስታመመች ነው የኖሩት። ኋላ ኤልሻዳይ ሩንዳ በሚሉት የሀብታም ሰፈር፣ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ዘንድ ሞግዚት ሆና ገብታ እዚያው ማደር ጀመረች እንጂ ሆዳቸው አልተለያየም። ድሮ የያኤልም ድምፅ ከፍታው ላይ ይሰበር ነበር። አንድ የጾም ሰሞን ግን ተከፈተላት። «ጌታ ነው የከፈተልኝ» ብላ መሰከረች፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

ኤልሻዳይ «እኔንም አሳዪኝ፤ እንዴት ነው የምታደርጊው?» ብላ ያልጠየቀችበት ጊዜ የለም። ያኤልም ሰልችቷት አያውቅም።

«ግፊ! ከደረትሽ አውጪው! ሊቀጥን ሲል እንዳትለቂው፤ የቀጠነ ድምፅ የመንፈስ ቅባት የለውም» ትላታለች። «የእኔ ስጦታ ነው፤ ያንቺ ግን በትግል ነው የሚመጣው።»

ኤልሻዳይ ትገፋለች፤ ይሰበራል። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ያኤል እጇን በኤልሻዳይ ጉሮሮ ላይ ጭና፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ጸለየችላት። ኤልሻዳይ «እናቴ እንኳ እንዲህ አልቅሳልኝ አታውቅም» አለች።

የመዘምራኑ መሪ ተካልኝ ለትንሣኤ አዲስ መዝሙር ሠራ። ሁለተኛውን ስንኝ ኤልሻዳይ ብቻዋን እንድትዘምረው ፈለገ፤ ዜማው ግን መጨረሻው ላይ ሽቅብ ይወጣል።

«እህቴ፣ ይህን ካልቻልሽው ለያኤል እሰጠዋለሁ» አላት። «ከዚያ ወዲያ ሶሎ የሚባል አትጠይቂኝ። ሕዝብ እየሳቀ ማምለክ አይችልም።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግልጽ ነበር። ኤልሻዳይ ግን ምግብ አልወርድላት አለ። በሰው አገር የኔ የምትለው ነገር መዝሙሯ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሰው ልጅ፣ የሰው ቤት፣ የሰው ቁልፍ ነው።

በዚያው ሰሞን አሠሪዎቿ ለልጃቸው የድምፅ አስተማሪ ያዙላት። ሚስ አኪኒ ትባላለች፤ ኪሊማኒ ሰፈር ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ ስትስቅ ጎረቤት ይሰማታል። ኤልሻዳይ ልጅቷን ይዛ ሄዳ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሚስ አኪኒ ልጅቷን ከንፈሯን አሹላ «ኡ» እያለች እንደ አምቡላንስ ሽቅብ እንድትወጣና እንድትወርድ አዘዘቻት። ኤልሻዳይ ሳታስበው አብራ «ኡ» ማለት ጀመረች። ወጣች፣ ወጣችና ተሰበረባት።

ሚስ አኪኒ ፒያኖውን አቆመች። «ማነው እንዲህ የሚጮኸው? ነይ እስቲ ዳዳ፣ ነይ እህቴ።»

ኤልሻዳይ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ሴትየዋ አገጯን በሁለት ጣት ይዛ ላላ አደረገችው። «ሃፓና፣ ሃፓና፤ እንዲህ አይደለም፣ አትግፊ! የሚሰበረው እኮ ደረትሽ የማይችለውን ስለምታሸክሚው ነው። እዚያ ጋ ስትደርሺ ልቀቂው፣ ይቅጠን። ለጭንቅላትሽ አስረክቢው፤ ሄድ ቮይስ ማለት እሱ ነው። ቀስ ብለሽ፣ ፖሌ ፖሌ።»

ኤልሻዳይ ፈራች። ቀጭን ድምፅ ቅባት የለውም ተብላለች። ቢሆንም ለቀቀችው። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ቀጥሎ የድመት ግልገል የምታወጣት የምትመስል ጭል ጭል የምትል ድምፅ መጣች። ደገመች፣ ደጋገመች። ከዚያ ያ ሁልጊዜ የሚሰበርበት ቦታ ዝም ብሎ አለፈ። ደረቷ አረፈ፤ ከዓይኖቿ በላይ፣ ግንባሯ ውስጥ አንድ ነገር ነዘራት፤ ድምፅዋም ያለ ድካም ሽቅብ ሄደ። ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«ኢትዮጵያዊት ነሽ አይደል?» አለች ሚስ አኪኒ ደስ ብሏት። «ከእናንተ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ያኤል የምትባል። እሷም እንዳንቺ ጯሂ ነበረች፤ ልክ እንዳንቺ መልቀቅ ስትጀምር ነው የተከፈተላት።»

ኤልሻዳይ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለች።

«ድምፅዋ የሚሰበር ጓደኛ አለችኝ ትለኝ ነበር። አምጫት፣ በነጻ አስተምራታለሁ አልኳት። ምን ያደርጋል፣ ካናዳ ሄዳለች አለችኝ። ኤልሻዳይ መሰለኝ ስሟ።»

«ኤልሻዳይ እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ካናዳን አይቼው አላውቅም።»

ሰው ማመን ቀብሮ ነው የተባለው ለካ ያለ ነገር አይደለም። በመመለሻው ታክሲ ውስጥ ኤልሻዳይ እርር ድብን አለች። ዝም ብላ ደብቃት ቢሆን ባልከፋ፤ ሰው ሙያውን ይደብቃል፣ ያለ ነው። ያኤል ግን መንገዱን እያወቀች ገደሉን ነው ያሳየቻት። «ግፊ» ስትላት እንደሚሰበር ታውቅ ነበር። ሲሰበር ደግሞ ጉሮሮዋን ይዛ ትጸልይላታለች! የቱ አምላክ ነው ያን ጸሎት የሚሰማው?

ያኤል ደወለች፤ ኤልሻዳይ አላነሳችላትም። አሠሪዎቿ ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሯን ዘግታ ስንኙን ተለማመደችው። አልተሰበረም። ለማንም ሳትናገር የትንሣኤ ዕለት መድረክ ላይ ልታሳያቸው ወሰነች።

መዘምራኑ አንድ ሕግ አላቸው። ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ጋውናቸውን ለብሰው፣ ትርፍ ወንበር በሚከማችባት ጓዳ ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቅር ይባባላሉ። ቂም የያዘ መድረክ አይወጣም። ብዙውን ጊዜ ወግ ነው፤ ሁሉም የተለመደውን ይባባልና ይወጣል።

ያኤል እንደ ወትሮዋ አጠገቧ ቆማ እጇን ያዘቻት። «ኤልሻዬ፣ ስልክም አላነሳሽልኝ። ሳላውቅ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ።»

«አውቀሽ ያደረግሽውንስ?» አለች ኤልሻዳይ፣ እጇን አስለቅቃ።

መዘምራኑ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«ሚስ አኪኒ ሰላም ብላሻለች። ምነው፣ ካናዳ እንዴት ናት ብለሽ አትጠይቂኝም?»

የያኤል ፊት አመድ መሰለ። ያኤል ትክዳለች ብላ ኤልሻዳይ ጠብቃ ነበር፤ አልካደችም። «በሁሉ ትበልጪኛለሽ» አለች ቀስ ብላ። «የሩንዳው ሥራ ላንቺ ወጣ። ሰውም አንቺን ይወዳል። ያቺ ከፍታ እንኳ የኔ ትቅር ብዬ ነው።»

«እና ጉሮሮዬን ይዘሽ ያለቀስሽው ምን ነበር?»

«ማልቀሴ እውነት ነበር። ይቅር በይኝ።»

ይህን ባትላት ይሻል ነበር። ማስመሰል ቢሆን ንቃው ታልፍ ነበር። ከልቧ አልቅሳ፣ እንባዋን ጠርጋ፣ በማግስቱ «ግፊ» ያለቻትን ሰው ምን ታድርጋት?

አዳራሹ ውስጥ ኪቦርዱ ጀምሯል። ተካልኝ ሰዓቱን አየ፣ ሁለቱን አየ። «እንግዲህ እህት ያኤል ይቅርታ ጠይቃለች» አለ በመጨረሻ። «ኤልሻ፣ ይቅር ብለሻታል?»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው! የበደለች ጠየቀችና ነጻ ወጣች፤ አሁን የሚመረመረው የተበደለችው ልብ ሆነ። አንድ «አዎ» ብትል ስንኙ የሷ ነው። ስንቱ በዚያች ጓዳ ውስጥ ቂሙን ውጦ፣ በአፉ አዎ ብሎ ወጥቷል። ኤልሻዳይ ግን ውሸት ምን እንደሚያደርግ ገና በቅርቡ ቀምሳዋለችና ከአፏ አልወጣላት አለ።

«አላልኩም» አለች። «ወደፊት እል ይሆናል። ዛሬ አላልኩም።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ» አለ ተካልኝ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ያኤል፣ ሁለተኛውን ስንኝ አንቺ ያዢው።»

ያኤል አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ወጣች።

ኤልሻዳይ ጋውኗን አውልቃ በወንበሮቹ መካከል ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ መዝሙሩ ተጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የያኤል ድምፅ ሽቅብ ወጣ፤ ኤልሻዳይ አሁን ሁሉንም ትሰማዋለች፣ የት ላይ እንዳቀጠነችው፣ የት ላይ እንደለቀቀችው። አንድም ቦታ አልገፋችም። ኤልሻዳይ አፏን ከፍታ አብራት ወጣች። ማንም አልሰማትም። ድምፅዋ እስከ ጫፉ ሄደ፤ አልተሰበረም። ደስታው ሞልቶ ሲፈስባት ይህን ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ አለች፤ ቀድሞ አፏ ላይ የመጣው ስም የያኤል ነበር። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።