ባለጥርሱ ልጓም

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ። አረፍ ብላችሁ ስሙኝ፤ አጭር ናት።

ዳማው ፈረስ የኮርቻ ሰፊውን በር በርግጫ ሊገነጥለው ምንም አልቀረው። ባለቤቱ፣ መናፈሻው ውስጥ ፈረስ የሚያከራየው ጎረምሳ፣ ጎን ጎኑን በአለንጋ ይለዋል።

"ኧረ ቀስ! እንስሳ እኮ ነው!" አሉ ኮርቻ ሰፊው፣ ወስፌያቸውን እንደያዙ ብቅ ብለው።

"ምን እንስሳ ነው ጋሼ፣ ሰይጣን እንጂ! አዲሱን ኮርቻ ከጫንኩበት ቀን ጀምሮ አበደብኝ። ትናንት አንዲት ሙሽራን ከነቬሎዋ ጭቃ ውስጥ ዘረገፋት። በቃ፣ ባለጥርሱን ልጓም ይግጠሙለት።"

ባለጥርሱ ልጓም ምላስ ላይ የሚያርፈው ብረቱ እንደ መጋዝ የተሳለ ነው። ሽማግሌው እንዲህ ያለውን መሥራት ከተዉ ዘመን አልፏል፤ አንዱ ብቻ ግድግዳው ላይ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል።

"መጀመሪያ ኮርቻውን ልየው።"

"የእርስዎ እጅ ሥራ ደግሞ ምኑ ይታያል! ለፈረሰኛው ሁሉ 'ከእሳቸው ሌላ ጋ እንዳትሄዱ' እያልኩ የምምል ሰው እኮ ነኝ።"

ስልኩ ጮኸና ጎረምሳው ወደ ውጭ ዞር አለ። ሽማግሌው ፈረሱን አስረው ኮርቻውን አወረዱ። ጀርባው ላይ ሳንቲም የምታክል ቁስል መግል ቋጥራለች። የኮርቻውን ሆድ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ምንም አልተሰማቸውም። አርባ ዓመት ክር የሳበ ጣት ከደነዘዘ ቆይቷል። ስፌት ባለቀ ቁጥር ሚስታቸው በጉንጫቸው እየዳሰሱ ይፈትሹላቸው ነበር። በዚህኛው ግን ሽማግሌው "እኔ ምን ሆኜ!" ብለው ከልክለዋቸዋል።

አሁን ሚስትየው ሳይጠሩ መጡ። ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ኮርቻው ላይ ሳብ አደረጉና "ውይ!" አሉ። ጉንጫቸው ደማ። ከስፌቱ መሐል የተሰበረ የመርፌ ጫፍ ብቅ ብሏል።

"ያንተው መርፌ ነው።"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው በለው። ምላስህ አይቆረጥም።"

"ከነገርኩትማ አለቀልኝ። እጁ ሞቷል ብሎ ለአገር ያወራል። ከዚያ ወዲያ ይህን በር ማን ያንኳኳል?"

"ታዲያ የዚህ ምስኪን ምላስ ይቆረጥ?"

ሽማግሌው ስባሪዋን በጉጠት ነቅለው ወረወሯት። ቁስሉን አጠቡ፣ ለስላሳ ጨርቅ ደርበው ኮርቻውን መልሰው ጫኑ። ፈረሱ ጭጭ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና አፍንጫውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ።

ጎረምሳው ተመለሰ። "ምነው ጋሼ፣ እስካሁን አልገጠሙለትም እንዴ?"

ሽማግሌው ሚስታቸውን ቀና ብለው አላዩም። ልጓሙን ከግድግዳው አወረዱ፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ ወደ ፈረሱ ከንፈር አስጠጉ። ፈረሱ አፉን ከፈተላቸው።

ጎረምሳው ተፈናጦ ግቢውን ሁለቴ ዞረ። ፈረሱ በግ ሆኗል።

"አዩልኝ ጋሼ! ጥርሱን ሲቀምስ አደብ ገዛ! ከእንግዲህ እስኪሞት ይህን አላወልቅለትም!"

ከፈረሱ አፍ ቀይ አረፋ ይንጠባጠብ ነበር። ሚስትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤት ገቡ።

"ቆይ" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ፈረሱ ጠጋ ብለው። "የልጓሙን ጠፍር አንድ ቀዳዳ ላጥብቅልህ፤ እንዳይላላ።"

አጠበቁት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ያ ፈረስ አፉን የከፈተው ማንም ሳያስገድደው፣ አምኖ እንደነበር ግን አደራችሁን፣ አስታውሱልኝ።