በመዝገቡ ጠርዝ ላይ ያለችው ሴት

ከሞተች ሃምሳ ዓመት ሊሆናት በተቃረበ ሴት ይቀናል? እኔ እቀናለሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ማንን ፈርቼ እደብቀዋለሁ?

ነገሩ የጀመረው በልጅ ልጄ በኮርማክ ፓስፖርት ነው። አየርላንድ ሄዶ መሥራት አማረውና የአያቱን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ማስረጃ አምጣ ተባለ። ባሌ ጄሪ ላውኒ አየርላንድ ውስጥ ካለው ከኮርክ የባሕር ዳርቻ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ እዚሁ የማዕድን ከተማችን ቢዩት ውስጥ መዳብ ሲቆፍር ኖሮ የሞተ ሰው ነው። የተወለደበትን ቀን በትክክል ስለማላውቅ ለመንደሩ ቄስ ጻፍኩ።

ቄሱ ደግ ሰው መሆን አለባቸው፤ የጥምቀት መዝገቡን ገጽ ኮፒ አድርገው ላኩልኝ። የእናት ስም፦ ጆሃና። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። ጄሪ «እናቴ ጎብኔት ትባላለች» ነበር ያለኝ። እኛ አየርላንዳውያን ዘንድ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወስዳለች፤ ሁለተኛዋ የአባቷን እናት። የኔ እናት ኤለን ናት። ልጃችን ስትወለድ ግን ጄሪ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ዊኒ፣ ይቺን ለእናቴ ስጪኝ፤ የሚቀጥለው ለእናትሽ ይሆናል» አለኝ። ለምኖ የማያውቅ ሰው ሲለምን እምቢ አይባልም፤ ጎብኔት አልናት። የሚቀጥል ልጅ አልመጣም። እናቴ እስክትሞት አኮረፈችኝ።

ካቶሊክ ሲያገባ ጋብቻው በተጠመቀበት መዝገብ ጠርዝ ላይ ይጻፋል። በጄሪ ስም ጠርዝ ላይ ሁለት ጋብቻ ተጽፏል። የታችኛዋ እኔ ነኝ። የላይኛዋ ጎብኔት ክራውሊ ናት፤ 1953፣ እዚያው ደብር።

ደሜ ፈላ። ከማጋባታቸው በፊት ይህን መዝገብ ስለሚጠይቁ ያጋቡን ቄስ ያውቁ ነበር፤ ቤታችን እየመጡ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥተዋል።

ለማንም ሳልናገር የሷን የሞት ማስረጃ አዘዝኩ። በሦስት ሳምንት ደረሰ። ዕድሜ ሃያ ሁለት፤ የሳንባ ነቀርሳ። ሞቷን ያስመዘገበው ሰው ደግሞ «ባል፣ ስትሞት አጠገቧ የነበረ» ይላል። ጄሪ የሞተ ዕለት እኔ መላጫ ልገዛለት ወጥቼ ነበር። ስመለስ ፊቱን በአንሶላ ሸፍነውታል። የሷን እጅ ይዞላታል፤ የኔን ማን ይያዝልኝ? ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ቅዳሜ ልጄ፣ የኮርማክ እናት፣ ወረቀቶቹን ልትወስድ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጣቷን ጥምቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እማ፣ እዚህ ጆሃና ነው የሚለው። አያቴ ጎብኔት አልነበረችም እንዴ?»

«አልነበረችም።»

«ታዲያ የማንን ስም ነው ያሸከማችሁኝ? ትምህርት ቤት እኮ መሳቂያ ሆኜበት ነው ያደግኩት። ለአያቴ ክብር ነው እያልኩ ነበር የምችለው።»

ዝም ልላት ነበር። ቅናት ግን ዝም አያሰኝም።

«የሚስቱን ስም» አልኳት።

«ሚስቱ አንቺ ነሽ።»

«እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

የሞቱን ማስረጃ ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋት። ቁጭ ብላ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ከኮርማክ እንኳ ታንሳለች። ምስኪን።»

«እዘኚላት እንግዲህ!»

«እማ፣ በሞተች ልጅ ትቀኛለሽ?»

«አዎ።»

ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ ጉልበቴን ያዘችው። «ስሚኝማ። አባዬ እኮ አንድ ቀንም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ‹ሚጢጢዬ› ነበር የሚለኝ። ጠሪዬ አንቺ ነበርሽ።»

ልታጽናናኝ ብላ ነው። እውነቷንም ነው። ራት በደረሰ ቁጥር በረንዳው ላይ ወጥቼ መንደሩ እስኪሰማ ጎብኔት እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ። ጄሪ ያኔ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጠኛል። ድምፄን የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ስማኝ ወጣች። ዞር ስል የጥምቀቱ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። አንስቼው በቻልኩት ፍጥነት ወደ በረንዳው ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን እያሰረች ነው፤ መስኮቱም ክፍት ነው። አንዴ ስሟን ብጠራት ትሰማኛለች።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። መኪናዋ መንገዱ ጫፍ ደርሳ እስክትታጠፍ ድረስ አፌን አልከፈትኩም።