ከአንድ ዛፍ ሁለት ፊት

ከቱት ለዳንግ ከደንፓሳር ከተማ አልፎ አያውቅም። ከባሊ ባሕር ማዶ ስላለው ዓለም የሚያውቀውን ሁሉ ያየው በእህቱ ባል በገደ ሱመርታ ስልክ ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዓመት የኮንጎን፣ የሜክሲኮን፣ የጃፓንንና የፓፑዋን ጭምብል የፈለፈለው እሱ ነበር። ሱመርታ «ዓለምን በጥበብ» ለሚባል፣ ከአገር አገር ለሚዞር ኤግዚቢሽን የአሥር ሕዝቦችን ጭምብል ሊያቀርብ ተዋውሏል። ለተመልካቹ የሚነገረው ደግሞ እያንዳንዱ ከባለቤቶቹ እጅ የተገኘና መቶ ዓመት ያለፈው ነው ተብሎ ነው።

በሱመርታ ግቢ መቶ ዓመት የሚፈጀው ሃያ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጭምብሉ በሻይ ይቀቀላል፣ በጥላሸት ይታሻል፣ ከዚያ ከማድ ቤቱ ጀርባ በአሳማዎቹ ፍግ ውስጥ ይቀበራል። አሳማዎቹ ይረግጡታል፣ ይሸኑበታል፣ በአፍንጫቸው እየቆፈሩ ያገላብጡታል። ሲወጣ ጠርዙ የተበላ፣ ዓይኑ ውስጥ ትል የሚርመሰመስበት ነገር ይሆናል። ሱመርታ ፍጉን በጣቱ ጠርጎ «ታሪክ ማለት ይሄ ነው» ይላል። ያንኑ ጣት ሱሪው ላይ ጠረግ አድርጎ ሩዙን ይጎርስበታል። ለዳንግ ይህን ካየ በኋላ እዚያ ቤት ምግብ አልወረደለትም።

ራሱን የሚያጽናናው በሌላ ሥራ ነበር። በመንደሩ ቤተ መቅደስ የምትቀመጠው የራንግዳ ጭምብል፣ ያቺ ጥርሷ የገጠጠ፣ ምላሷ እስከ ደረቷ የሚወርድ አስፈሪ እመቤት፣ በምስጥ ተበልታ ኖሮ አዲሷን እንዲፈለፍል የተመረጠው እሱ ነው። ሥራው ከአያቱ ከአባቱ የወረደ ነበርና ሌላ ሰው አልታሰበም። እንጨቱ የተቆረጠው ከመቃብሩ ዳር ካለው የፑሌ ዛፍ ነው። ቀን ተመረጠ፣ መሥዋዕት ተደረደረ፣ ጄሮ ማንግኩ የሚሏቸው ሽማግሌ ካህን ግንዱን በእጃቸው ዳስሰው አንድ ፊት እንዲሰጣቸው ለመኑት። ከዛፉ እብጠት ላይ ተቆርጦ ሲነሳ ለዳንግ ሥሩና ጫፉ የት እንደነበረ በከሰል ምልክት አደረገ። እንጨት እንደበቀለ ነው የሚቆመው፤ ሥሩ በአገጭ፣ ጫፉ በግንባር በኩል። የተገለበጠ ፊት የሬሳ ነው ይባላል።

ተፈልፍሎ ሲያልቅ ጠርቡ ተረፈ፤ አንድ ፊት የሚወጣው ወፍራም ጉማጅ። ወደ ዛፉ ሥር መመለስ ነበረበት። ሱመርታ ግን አሥረኛው፣ የባሊው ጭምብል ጎድሎት ነበርና በዚያው ሰሞን ከተፍ አለ።

«ብሊ፣» አለው፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቱ ነው። «የኮንጎውን ከፎቶ ሠራህ፤ የገዛ አገርህንም ከፎቶ ልትሠራ ነው?»

ለዳንግ ሦስት ቀን እንቢ አለ፣ በአራተኛው ጉማጁን አነሳ። ካልተባረከ እንጨት እንጨት ነው ብሎ ራሱን አታለለ። የሥሩንም የጫፉንም ነገር ሳይጨነቅበት መንትያዋን በአምስት ቀን ጨረሳት። ለቤተ መቅደሱ የፈለፈላትን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ሌላዋን ከታች አስቀመጠና ለአጎቱ የሬሳ ማቃጠል ሥርዓት ወደ ሌላ መንደር ሄደ።

ሲመለስ ቀለም የሚጀመርበት ቀን ደርሶ ነበር። ጠዋት ታጥቦ፣ መዓዛ ያለው አበባ ከጆሮው ሰክቶ ጨርቁን ፈታ። የእንጨቱ መስመር ከአገጩ ወደ ላይ እየሰፋ ሄዶ ግንባሩ ላይ ሥሩ ታየው። የተገለበጠች ነች። ይዟት ወደ ሱመርታ ግቢ ገሰገሰ።

ሱመርታ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የጠበቀው። አዎ፣ ለዋውጫቸዋለሁ አለ። የላይኛዋ አሠራሯ ይበልጣል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያያት እያለች በጨርቅ ተጠቅልላ የምትቀመጠዋን ማሳመር ምን ይጠቅማል?

«የት ናት?» አለው ለዳንግ።

«ከነሜክሲኮ ጋር።»

ለዳንግ ጫማውን አውልቆ አሳማዎቹ በረት ውስጥ ገባ። ፍጉ እስከ ክርኑ ዋጠው። የሞቀና የሚያንሸራትት ነገር በጣቶቹ መሐል ሲያልፍ ዓይኑን ጨፈነ፤ አንዷ አሳማ ጀርባውን ትገፋዋለች፣ ሱመርታ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። መጀመሪያ ጃፓን ወጣ፣ ቀጥሎ ኮንጎ። በመጨረሻ ያን የገጠጠ ጥርስ በመዳፉ ዳሰሰው። ሲያወጣት ከአፏ ቡናማ ፈሳሽ ክንዱ ላይ ወረደ። በዚያች ሰዓት ሱመርታን የጠላውን ያህል ማንንም ጠልቶ አያውቅም።

አላጠባትም። ያ አረመኔ ምን እንዳደረገ ይታይልኝ ብሎ ሁለቱንም ታቅፎ ወደ ቤተ መቅደሱ ሄደ። መንገድ ላይ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ገለል አሉለት።

ጄሮ ማንግኩ ሁሉንም ሳያቋርጡ ሰሙት። ለዳንግ የሱመርታን ስግብግብነት፣ የአሳማውን፣ የሻዩን፣ የጣቱን ሁሉ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሽማግሌው ፍግ የለበሰችውን ተቀበሉና አቅርበው አዩዋት፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ቀጥለው ንጹሕዋን አነሱ። አሸተቷትና ወዲያው ከፊታቸው አራቋት።

«ዛፉን ስንት ፊት ብለን ነበር የለመንነው?»

ለዳንግ ክንዱ ላይ የደረቀውን ፍግ ይፈቀፍቅ ጀመር።

«ስንት?»

«አንድ፣ ጄሮ።»

«አሳማ ያው አሳማ ነው፤ የሚያውቀውን ነው የሚያደርገው።» ፍግ የለበሰችውን በነጭ መቀነታቸው ጠቀለሏት። «ይቺ ባሕር ወርዳ ትታጠባለች፣ መንፈሷ ይጠራላታል። ቀለሟን ግን ሌላ እጅ ይቀባታል። ያቺን የራስህን ይዘህ ሂድ።»

ሰው የራሱ እያረረበት የሌላውን ያማስላል። አባቱና አያቱ የቀቡት ፊት እንግዳ እጅ ሊቀባው ነው፣ ለዚህም ሱመርታን መክሰስ አልቻለም። ደረጃውን ወርዶ ከበሩ ውጭ ቆመና ሽማግሌው ምን እንደሸተታቸው ለማወቅ መንትያዋን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። አዲስ የተፈለፈለ እንጨት፣ የገዛ እጁ ሥራ ሽታ ነበራት፤ ሌላ ምንም የለባትም።

ከግንቡ ሥር ጎንበስ ብሎ አስመለሰ።