ከደሴቱ ወዲህ ያለ እግር

ራድካ ከቡልጋሪያ ወደ ባሕር ዳር የመጣችው የነርሶች ትምህርት ቤታችን ከእነሱ ጋር ተማሪ በተለዋወጠበት ዓመት ነው። ከእኛ ሸጊቱ ወደ ሶፊያ ሄደች፤ ከእነሱ ራድካ መጣች። ሸጊቱ ስለ በረዶ እያማረረች ስትጽፍልን፣ ራድካ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ የዓሣ ጥብስ ትበላ ነበር። አማርኛውን ቶሎ ለመደችው። አንቱታው ግን አልገባትም፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበርም ዶሮ ሻጩንም «አንተ» ነበር የምትላቸው።

ልምምዷን እንድከታተል የተመደብሁት እኔ ነበርሁ። ትምህርቷን ለማለፍ አንድ ሕመምተኛ እስኪድን ድረስ በራሷ እጅ ማስታመም ነበረባት። የደረሷት አባ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ ሴት ከማትረግጣት ደሴት የመጡ መነኩሴ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የቆየ ቁስል ያለባቸው። ቁስሉ ቀይ ሥጋ ማብቀል ሲጀምር ዐቢይ ጾም ደረሰና አባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ጾሙን ከገዳሜ ውጭ አልጾምም» አሉ።

«እግርህስ?» አለች ራድካ።

«እግሬማ አብሮኝ ይሄዳል። የት ይቀራል?»

ሄዱ። ቁስሉ ዳግመኛ ከመረቀዘ እግሩ መቆረጡ እንደማይቀር ሐኪሙ ነግሯት ነበርና፣ ራድካ ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላችም።

የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አካሉ ግን ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴት የማትገባበት ደሴት የለም! ሁለት ሚሊሺያ እሰጥሻለሁ፤ ትወርጃለሽ!»

«ጓድ አካሉ፣ እኔ የምፈልገው እግሩን ነው፤ ደሴቱን አይደለም» አለች። «ደግሞ ሚሊሺያ ሲያይ ይሮጣል። በዚያ እግር መሮጥ የለበትም።»

እኔ ወደ መስኮቱ ዞር ብዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ፣ ከደሴቶቹ ማገዶ የሚያመላልሰው አለበል ባዶ ሲመለስ በደንገል ታንኳው አሳፈረን። ደንገሉ ውኃ መጥጦ ስለነበር ቀሚሳችን ራሰ። ራድካ የመድኃኒቱን ሣጥን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀመጠች። ገና ከሩቅ ሲያዩን የገዳሙ መጋቢ ዱላቸውን ይዘው ወደ ወደቡ ወረዱ።

«እዚያው! እዚያው ቁሙ!»

«አንወርድም አባታችን» አልሁ። «አባ ዓምደ ሚካኤል ብቅ ይበሉልን።»

አባ እያነከሱ መጡና ውኃው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለበል ታንኳውን አስጠጋ። ራድካ እጇን ዘረጋች፤ «እግርህን ስጠኝ።» አባም እግራቸውን በውኃው ላይ ዘርግተው ጉልበቷ ላይ አሳረፉት።

መጋቢው ደነገጡ። «አባ! እግርዎ እኮ ገዳሙን ለቀቀ!»

«እኔ እዚሁ ተቀምጫለሁ። እሱን ሕክምና ላክሁት።»

«ያለ ፈቃድ?»

«ታማሚ ነው፤ ይፍቀዱለት እንጂ።»

መጋቢው ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ፈረዱ፤ «ከጉልበት በታች ይሁን።»

ራድካ ፋሻውን ፈታች። ማዕበል በመጣ ቁጥር ነርሷም እግሩም አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ።

«እንቁላል ብላ» አለቻቸው፤ «ቁስል እንዲሞላ።»

«በጾም? አንቺ ልጅ፣ እግሬን አድነሽ ነፍሴን ልትቆርጫት ነው?»

«እሺ፣ ሽምብራ። ብዙ ሽምብራ።»

አባ እየሳቁ ወደ እኔ ተመለከቱ። «አንቺስ ልጄ፣ ጥቁር የለበስሽው ለማን ነው?»

«ለባለቤቴ።»

«የት ዐረፈ?»

«አዲስ አበባ።»

«የክርስትና ስሙስ?»

ነገርኋቸው። ጎንበስ ብለው በከንፈራቸው ደገሙት። እኔም ለራድካ መቀሱን አቀበልኋት።

ጾሙን በሙሉ እንዲህ ተመላለስን። መጋቢው መጀመሪያ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁን ነበር፤ እያደር ግን ጎንበስ ብለው ቁስሉን ማየት፣ «ዛሬ ጠበብ ብሏል» ማለት ጀመሩ። በሆሳዕና ሰሞን ራድካ ፋሻውን ስትፈታ ቁስሉ ገጥሞ፣ በላዩ አዲስ ቆዳ ለብሶ አገኘችው። በጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገችው።

«ያምሃል?»

«ይኮረኩረኛል።»

«እንግዲህ ተነሥና ሂድ። ስትራመድ ካላየሁ ድኗል አልልም።»

አባ ተነሡና በቡናው ዛፎች መካከል ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ ያዙ። ጥቂት እንደተራመዱ ቅጠሉ ዋጣቸው። ራድካ ታንኳው ላይ ብድግ አለች።

«ኧረ ቁጭ በይ፣ ልትገለብጭን ነው!» ብሎ አለበል ጮኸ።

«አይታየኝም! አንተ፣ ያነክሳል?» አለች ወደ መጋቢው።

መጋቢው አንገታቸውን አስግገው አዩ። «አያነክሱም።»

«ተረከዙስ መሬት ይነካል?»

ይህ ከወደቡ ሆኖ የሚታይ አልነበረም። መጋቢው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዳገቱን ተያያዙት። ጥቂት ቆይቶ ከዛፎቹ ውስጥ ድምፃቸው መጣ፤

«ይነካል!»

«ዳገቱ ላይም?»

«ዳገቱ ላይም!»

ራድካ እርጥቡ ደንገል ላይ ዘፍ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ከላይ፣ ከቡናው መካከል፣ መጋቢው ትንፋሽ እያጠራቸው ይጣራሉ፤

«ቀስ ይበሉ እንጂ አባ! ኧረ ቀስ ይበሉ፣ አልደረስሁብዎትም!»